ምድጃ የተከለከለ ተከራይ ጅማ ላይ የት ይብላ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ። ለሥራ ጅማ ከመጣሁ ገና ጥቂት ወራት ነው። ቆጪ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ አከራዬ ከሰልም የኤሌክትሪክ ምድጃም ከልክለውኛል። ስለዚህ ሦስቱንም ጊዜ ውጭ ነው የምበላው። ደመወዜ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፣ በዚያ ላይ ሆዴን እያመመኝ ሐኪም ቤት ተመላልሻለሁ። አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ነው። እናቴና አባቴ ይመጣሉ። የዶርም ጓደኛው ሙስሊም ነው፤ እሱም ከእናቱ ጋር ምሳ አብሮን ይበላል። ባጠቃላይ ስድስት ነን፣ አባቴ ደግሞ በጾምና በሥጋ ነገር ጥብቅ ናቸው። በአዘቦቱ የት ልብላ? በምረቃው ቀንስ የት ልውሰዳቸው? ሰ.፣ ከጅማ»

ምላሽ፦ እህታችን ሰ.፣ የምግብ ቤት ስም እንድንዘረዝርልሽ ጠብቀሽ ከሆነ አንዘረዝርም። ጥሩ የሚባል ቤት ወጥ ሠሪዋ የለቀቀች ዕለት ጥሩነቱም አብሯት ይወጣል፤ ዛሬ ያመሰገንነውን ቤት መስከረም ላይ ሌላ ሰው ተከራይቶት ልታገኚው ትችያለሽ። የሚጠቅምሽ ምን ዓይነት ቤት የትኛውን ምግብ በስንት ሰዓት ደህና አድርጎ እንደሚያቀርብ ማወቅ ነው። ደብዳቤሽን ስናነበው ደመወዝሽን የጨረሰው የጅማ ዋጋ ብቻ አልመሰለንም። ሦስቱንም ጊዜ እንደ ምሳ እየበላሽ ነው።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ደህና አድርገሽ ብዪ፣ እሱም ምሳ ይሁን። ምግብ ቤቶች ወጥ የሚሠሩት ለምሳ ነው። ከ5፡30 እስከ 7 ሰዓት የሚቀርበው ከእሳት የወረደ ነው። ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ የምታገኚው የድስቱ ቂጥ ነው፤ ማታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው ወጥ ውሃ ተጨምሮበት ሞቆ ይመጣል። ዋጋው ግን በሁሉም ሰዓት አንድ ነው። ስለዚህ የምሳ ሰዓትሽ 7 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀምር ከሆነ አለቃሽን ለምነሽም ቢሆን ወደ ፊት አምጪው።

በያይነቱ የሚበላው ረቡዕና ዓርብ ነው። በእነዚህ ቀናት አብዛኛው ተመጋቢ የጾም ስለሚያዝ ክኩም ምስሩም ጎመኑም በዕለቱ ይሠራል፣ ዓይነቱም ይበዛል። ማክሰኞ ወይም ቅዳሜ በያይነቱ ያዘዘ ሰው ብዙ ጊዜ ሰባት ዓይነት ተብሎ አምስት ይቀርብለታል፤ ጎመኑ ጠቁሯል፣ ቀይ ሥሩ ኮምጥጧል፣ ሽሮውም ቅቤ በነካ ጭልፋ የወጣ ነው። በፍስክ ቀን ሽሮ ተጋቢኖ ይሻልሻል፤ ሲታዘዝ ነው የሚሠራው። ሽንኩርቱና ዘይቱ ሲንተከተክ ዱቄቱ እየተበጠበጠ ይገባል፣ ከዚያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መንተክተክ አለበት። ባዘዝሽ በሦስት ደቂቃ የመጣ ተጋቢኖ ወይ ተሠርቶ የቆየ ነው ወይ አልበሰለም። አንዴ ቀምሰሽ ጥሬ ጥሬ ካለሽ መልሺው፤ እያፈርሽ የበላሽው ማታ ሆድሽን ሲነፋ ያድራል። ስስ የሆነው ፈሰስ ከተጋቢኖ ይረክሳል፣ ለአንድ ሰውም ይበቃል። ጭማሪ እንጀራ በነጻ ነው ወይስ ይከፈልበታል ብለሽ ሳትቀመጪ ጠይቂ። ርካሽ የተባለው ቤት በጭማሪው እንደሚያስከፍልሽ ሂሳብ ሲመጣ ማወቅ ያናድዳል።

እንጀራውንም እዪ። ጤፍ ሲወደድ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ሩዝ ይቀላቀላል። መቀላቀሉ ነውር የለውም፤ የጤፍ ዋጋ እያስከፈሉ ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው። በቆሎ የበዛበት ስትጠቀልዪው ይሰነጠቃል። ሩዝ የበዛበት ነጥቶ ያብረቀርቃል፣ ትንሽ ከቆየ ደግሞ ይደርቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቋሚ ደንበኛ ለሆነ ሰው የወር ኮንትራት የሚቀበሉ ቤቶች አሉ፣ በተለይ ተማሪና ተቀጣሪ በሚበዛበት ሰፈር። በአግባቡ ከተያዘ ከዕለት ዋጋ ይቀንሳል፤ ካልተያዘ ግን ያከስራል። ሂሳቡን እንዲህ አስቢው፦ ለ30 ምሳ 3,000 ብር ብትከፍዪ አንዱ ምሳ በ100 ብር ሆነ። እሑድ አትመጪም፣ ለመስክ ሥራ ወጣሽ፣ አንድ ቀን ሰው ጋበዘሽና በወሩ የበላሽው 22 ብቻ ሆነ እንበል። ያንዱ ምሳ ዋጋ ወደ 136 ብር ወጣ፣ ምናልባት ያለ ኮንትራት ከምትከፍዪው በላይ። ስለዚህ ውሉ በቀን ሳይሆን በምሳ ቁጥር ይሁን፤ «26 ምሳ፣ የቀረው ወደሚቀጥለው ወር ይዞራል» በይ። ከተስማሙ በካርድ ወይም በደብተር ይያዝ፤ ደብተሩ አንዱ እነሱ ጋር አንዱ አንቺ ጋር ሆኖ በዕለቱ ይፈረምበት። «እኔ አልረሳም» የሚል ባለቤት ሃያ ደንበኛ ሲኖረው መርሳቱ አይቀርም።

ደግሞ የሙሉውን ወር አትክፈዪ፤ የግማሽ ወር ስጪ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሥጋው ከወጡ የሚጠፋው ገንዘቡ ቀድሞ ስላለቀ ነው። ከመስማማትሽ በፊት በሦስት የተለያዩ ቀናት በዕለት ዋጋ ብዪ፣ አንዱ ዓርብ፣ አንዱ ሰኞ ይሁን። ሰኞ ጥሩ የሚያበላ ቤት ሁልጊዜ ጥሩ ያበላል፤ እሑድ የተረፈውን የሚሸጥ ሰው ሰኞ ይታወቃል። በጾም ወቅት ምን እንደሚያቀርቡ፣ መብራት ሲጠፋ እንጀራ ከየት እንደሚያመጡ፣ ለበዓል ስንት ቀን እንደሚዘጉም ጠይቂ። የሙስሊም ምግብ ቤት ከሆነ በረመዳን ቀን ላይ ሊዘጋ ስለሚችል ኮንትራቱ በዚያ ወር ይቁም።

ቤቱን የት ትፈልጊያለሽ? ከመሥሪያ ቤትሽ በእግር የሚደረስ ይሁን፣ ባጃጅ ከጨመርሽበት ቁጠባው አበቃ። የዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ «ነን ካፌ» የሆኑ፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያ የማይበሉ ተማሪዎች ስለሚበሉበት ዋጋው የተማሪ ነው፤ ክረምት ላይ ተማሪው ሲወጣ ግን አንዳንዱ ይዘጋል፣ ያልዘጋውም ወጡን ቶሎ ስለማይጨርስ ያቆያል። ሆስፒታሉ ዙሪያ አስታማሚ ስለሚመላለስ ጠዋት በማለዳ ገንፎና ሾርባ መጠየቅ ይቻላል። ወደ ጅማ መርካቶ ያሉት ቤቶች ሐሙስ ገበያተኛ ይበዛባቸዋል። የጅማው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከንጉሡ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስመ ጥር ነው፤ ዛሬም በገበያ ቀን ድስቱ ሁለት ሦስቴ ስለሚጣድ የምታገኚው ትኩስ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ያለውን ለመንገደኛ ተይለት። ነገ የማይመለስ ሰው የሚያበላ ቤት ደንበኛ ላጣ ብሎ አይሰጋም።

ቁርስ ላይ ብዙ አታውጪ። ፉል በሁለት ዳቦ እስከ ምሳ ያደርሳል፤ ከጨጨብሳ ይልቅ ይመከራል፣ ጨጨብሳው ቅቤ ካልበዛበት ቶሎ ይርባል፣ ከበዛበት ደግሞ ይወደዳል። ቅንጬም ደህና ነው። ወተትና እርጎ የምትወጂ ከሆነ ወተቱ ፈልቶ መሆኑን አረጋግጪ፤ ካልፈላ ወተት ከሚመጡት በሽታዎች አንዱ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ለወራት የሚመላለስ ትኩሳት ያመጣል። ቡናሽን ከካፌ ይልቅ ሣር ጎዝጉዘው ከሚያፈሉት እናቶች ጠጪ፤ በጅማ ለማኪያቶ የሚከፈለው ብር ላይ ያለን ቅሬታ ብዙ ነው።

እራት ነው ትልቁ ማዳኛሽ፣ ምክንያቱም ምድጃ አያስፈልገውም። ጅማ የአቮካዶ አገር ናት። ሦስት አቮካዶ ግዢ፦ አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ለሁለት ቀን፣ አንዱ ለአራት ቀን። የዛሬውን ለመለየት ሆዱን እየጫንሽ አታቁስዪው፤ አንገቱ ላይ በአውራ ጣት ቀስ ብለሽ ንኪው፣ ትንሽ እሺ ካለ ደርሷል። እንጨቱን ፈንቅለሽ ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ለመብላት ነው፣ ቡናማ ከሆነ ውስጡ መበላሸት ጀምሯል። ያልደረሱትን ከሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልለሽ አስቀምጪ፤ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ያበስላቸዋል። አንድ አቮካዶ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ቃሪያ በደቃቁ፣ ሁለት ዳቦ፤ ከተገኘ የተቀቀለ እንቁላል። የጠገበ ሰው ይተኛበታል። በክረምት የበቆሎ እሸት ጥብስ ከመንገድ ዳር ጨምሪበት። እንዲህ በሳምንት አራት ማታ ካደረግሽ በቀሩት ሦስት ማታዎች ውጭ ብትበዪ አትጎጂም።

ውጭ የምትበዪ ከሆነ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ጨርሺ። ቀን ምግብ ቤት የሆነው ቤት ከዚያ በኋላ መጠጥ ቤት ይሆናል፣ ወጥ ቤቷም ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ብቻሽን ከሆንሽ ለገንዘብ ተቀባዩ በሚቀርበው ጠረጴዛ ተቀመጪ፣ ሂሳቡንም ምግቡ እንደመጣ ክፈዪ። ሲመሽና ሲዘንብ ባጃጅ እንደልብ አይገኝም፤ የተገኘውም ዋጋ ይጨምራል።

የሆድሽን ነገር በበርበሬ አታሳብቢ። በደብዳቤሽ ላይ ምን እንደበላሽ ስላልጻፍሽ እርግጡን አንነግርሽም፤ ከቤት ውጭ ሁልጊዜ የሚበላን ሰው የሚያሳምሙት ግን የታወቁ ናቸው። መጀመሪያው ሩዝ ነው። ለምሳ ተቀቅሎ ሞቃት ወጥ ቤት ውስጥ የዋለ ሩዝ ማታ ቢሞቅም ደህና አይሆንም፤ ባክቴሪያው የሚያመርተው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ቀጥሎ ጥሬ ሰላጣ፣ በተለይ በዝናብ ወቅት፤ እንደ አሜባና ጃርዲያ ያሉት በደንብ ባልታጠበ ቅጠል ላይ ይመጣሉ። ጭማቂ ቤት ስትገቢ ደግሞ ፍሬውን ሳይሆን ባልዲውን እዪ። መፍጫው በየደንበኛው መካከል የሚለቀለቅበት ውሃ ከቧንቧ ነው ወይስ ጠዋት ከተሞላ ባልዲ? ባልዲው ላይ የማንጎ ክርና አረፋ ከተንሳፈፈ ውጪ። ጥሩ ከሆነ «አቮካዶ ያለ ውሃ፣ ስኳር ለብቻው» ብለሽ እዘዢ። በስኒ ተሞልቶ የተቀመጠ አትውሰጂ፤ አቮካዶ አየር ሲያገኘው ከላይ ይጠቁራል፣ ስፕሪስ አድርገው ፓፓያ የሚደርቡበትም አንዳንዴ ለዚሁ ነው።

መብራት ረጅም ሰዓት በጠፋበት ቀን ዓሣ፣ ክሬም ያለው ኬክና ክትፎ አትዘዢ። ጥሬ ሥጋን በተመለከተ የኮሶ ትል ከጥሬ የበሬ ሥጋ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። የቄራ ማኅተም ያለበት ሥጋ የሚሸጥ ቤት ካልሆነ ጥሬም ለብለብም ይቅርብሽ። ፓስታ ላይም አንድ ነገር እንጨምር፦ ጣልያን ከተማዋን ከገነባ ወዲህ ፓስታ የጅማ ምግብ ሆኗል፣ ግን ጠዋት ተቀቅሎ በዘይት ታሽቶ የዋለ ነው የሚበዛው። «አሁን ይቀቀልልኝ» ብለሽ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ካልቻልሽ አትዘዢው። ሕመሙ ከተመለሰ ደግሞ ከፋርማሲ በግምት መድኃኒት አትግዢ፤ ሰገራሽን አስመርምሪ፣ ደም ወይም ትኩሳት ካየሽ አትቆዪ።

ወደ ምረቃው እንምጣ። መጀመሪያ ቀኑን ከጾም ጋር አስተያዪ። ሰኔ ውስጥ ከዋለ የሐዋርያት ጾም ሊሆን ይችላል፤ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። አባትሽ በጾም ዓሣ ይበሉ እንደሆነ ለእናትሽ ደውለሽ ጠይቂ፤ የሚበላም የማይበላም አለ፣ ገበታ ላይ ቀርቦ ከሚያፍሩ ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ሁለቱ ቤተሰብ አንዱ የሌላውን ሥጋ ላይበላ ይችላል፣ እና ይህን «ሁለት ወጥ ቤት አለን» በሚል ቃል ብቻ አምነሽ አትለፊ። ድስቱ ተለየ እንኳ ቢላዋውና መክተፊያው አንድ ሊሆን ይችላል። የእኛ ምክር፦ የስድስታችሁ ምሳ ያለ ሥጋ ይሁን። አራት በያይነቱ፣ ሁለት ተጋቢኖ (በዘይት)፣ ዓሣ የሚበላ ካለ ሦስት ሙሉ ዓሣ ጥብስ፤ ለስድስት ሰው በቂ ነው፣ ይተርፋልም። የግልገል ግቤ ግድብ ሐይቅ ዓሣ ለጅማ ቅርብ ስለሆነ «ከየት ነው፣ መቼ የመጣ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሙሉ ዓሣ ከሆነ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን። የሚጠበስበት ዘይት ሥጋ ያልተጠበሰበት አዲስ እንዲሆን አስቀድመሽ ተናገሪ። ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው አለ፦ አዋዜ አንዳንድ ቤት በጠጅ ወይም በአረቄ ነው የሚበጠበጠው። ለጓደኛው እናት አዋዜው በውሃ የተበጠበጠ መሆኑን አረጋግጪ። በተመሳሳይ ለመጠጥ ብርዝ ካዘዝሽ የዕለቱ ይሁን፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል። ጠረጴዛው ከባሩ ይራቅ፣ ቢቻል መጠጥ የማይሸጥ ቤት ይሁን።

ወላጆችሽን ሥጋ ሳታበዪ መሸኘት ከከበደሽና የጾም ወቅት ካልሆነ፣ በዋዜማው ማታ አራታችሁ ብቻ በክርስቲያን ሥጋ ቤት ጥብስ ብሉ። ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ ስለሚያዝ አንድ ኪሎ በቂ ነው፤ ሲጠበስ ሲሶ ያህሉ ስለሚቀንስ ገበታው ላይ ሲያንስ አትደንግጪ። ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁሚና እዪ፣ አጥንትና ጮማው ስንት እንደሆነ ተነጋገሪ፤ የመጥበሻ ለብቻው ይከፈል እንደሆነም ጠይቂ።

ትልቅ ሆቴል ከመረጥሽ ሜኑውን ከነግርጌው አንብቢ። «አገልግሎትና ቫት አይጨምርም» የሚል ከሆነ 10 በመቶ አገልግሎት ይደመራል፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። 400 ብር የተጻፈው 506 ብር ይሆናል፤ የስድስታችሁ 3,000 ብር ሂሳብ 3,795 ላይ ይቆማል። ይህን ሳታሰላ የጋበዘች ልጅ በእናቷ ፊት ቦርሳዋን ስትፈትሽ ማየት ደስ አይልም።

የምረቃ ቀን ምሳ ላይ ከተማው ይጨናነቃል፣ ምክንያቱም ሁሉም ተመራቂ በአንድ ሰዓት ነው ከአዳራሽ የሚወጣው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ባለው ውስጥ ያላስያዘ ሰው ሁለት ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል፣ የሚቀርብለትም የተጣደፈ ምግብ ነው። ስለዚህ ምሳውን 9 ሰዓት ላይ አድርጊው፤ አስቀድመሽ ስለምታዝዢ የድስቱ ቂጥ አይደርስሽም። በመካከሉ ወላጆቹን ጅሬን ውሰጃቸው፤ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኮረብታው ላይ ነው። አባትሽ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ሰዓቱ ራሱ ይገጥማል፤ ለሌላው ዳቦ፣ ቆሎና ውሃ ያዢ። ባጃጅ ሦስት ሰው ስለሚጭን ለስድስት ሁለት ያስፈልጋችኋል፤ ሁለቱንም ደርሶ መልስ ከነመቆያው በአንድ ዋጋ ተዋዋዪ፣ ዝናብ ከመጣ ከጅሬን ሌላ አታገኙም።

ለምግብ ቤቱ ከሳምንት በፊት ሄደሽ ቀብድ ስጪ፤ ደረሰኝ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሰው ቁጥርና የምግቡ ዓይነት ይጻፍ። «ዋጋ ቢጨምርስ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂና መልሱንም አብረው ይጻፉልሽ፣ ለምረቃ ሰሞን ሜኑ የሚቀይሩ አሉ። በዋዜማው ደውለሽ አስታውሺ። ቀሪውን ሂሳብ በቴሌብር እከፍላለሁ ብለሽ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ኔትወርክ ከተጨናነቀ ምግቡ አልቆ እናንተ ተቀምጣችሁ ትቀራላችሁ፣ በጥሬ ብር ያዢ።